ቅሉ ባደረበት

የዶልቃ ሜዳ ሳር ቀጭኔ ይውጣል። ገብቶ የወጣ ቀጭኔ ያየ ሰው የለም፤ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የሚፈልግ ራሱ ገብቶ ይሞክር። ከጂንካ ወደ ሃና የሚሄደው የጭነት መኪና ቁልቁለቱን ጨርሶ ሾፌሩ «ተመስገን» ከሚልበት ቦታ ወደ ግራ ታጥፎ፣ ግማሽ ቀን በእግሩ የተጓዘ ሰው መንደሯን ያገኛታል። በሽማግሌ ፂም ውስጥ እንደተረሳ ፍርፋሪ ሳሩ መሃል ተቀምጣለች። ተራራ የላትም፣ ኮረብታም የላትም። ያላት ከፍታ አንድ ኩይሳ ነው፤ ምስጦቹ ከኖኅ ዘመን ጀምረው የቆለሉት። የስልክ ኔትወርክ የሚገኘው የኩይሳው ጫፍ ላይ ብቻ ስለሆነ፣ ዶልቃ ውስጥ ስልክ የሚደውል ሰው ጫማውን አውልቆ ነው የሚወጣው። ከላይ ሆኖ የተናገረውን ደግሞ መንደሩ በሙሉ ከታች ይሰማል። በዚህ ምክንያት በዶልቃ ምስጢር የሚባል ነገር የለም።

የመንደሩ ሊቀመንበር ኤርሳዶ ይባላል። በወጣትነቱ መጋዝና መዶሻ ይዞ ከከምባታ የመጣ አናጢ ነው። «ጂንካ ውስጥ በደንብ የሚዘጋ በር ካያችሁ የእኔ እጅ ነው፤ የማይዘጋውን ሌላ ሰው ሠርቶታል» ይላል። የዶልቃን ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ሊመታ መጥቶ፣ ጣሪያው ሲያልቅ መመለሱን ረሳ። አሥራ ስምንት ዓመት ሆነው። የአገሩን ወግ ከአገሬው በላይ አውቃለሁ ባይ ነው፤ በየስብሰባው ይህንኑ ስለሚደጋግም አገሬው ራሱ ማመን ጀምሮ ነበር።

እንዲህ ያለ ሰው አንድ ነገር ብቻ ይፈራል፤ ሚስቱን።

ፅጌረዳ የጂንካ ልጅ ናት። አባቷ ልብስ ሰፊ ነበር፤ የውሃ ቦኖውም ከቤታቸው አጥር ሥር ነበር። ኤርሳዶ ሊያገባት ሽማግሌ በላከ ጊዜ እናቷ «ሳር ውስጥ ወስደህ ውሃ ልታሸክማት ነው?» ብላ ብትጠይቀው፣ ተነስቶ በስድስት ሽማግሌና በአንድ ወንጌላዊ ፊት ተናገረ። «እማማ፣ ልጅዎ ጠዋት በሯን ስትከፍት ውሃ ደጇ ቆሞ ይጠብቃታል!» ቤቱ በሙሉ አጨበጨበ። ሽማግሌዎቹ ደስ ብሏቸው ሁለት ሁለቴ መረቁ።

ከዚያ ወዲህ አሥራ አንድ ዓመት አለፈ። ወንዙ ደርሶ ለመመለስ አራት ሰዓት ይፈጃል። ፅጌረዳ በቢጫ ጀሪካን በጀርባዋ ያመላለሰችው ውሃ ቢጠራቀም፣ ኦሞ ወንዝ ከአገሩ ሁለተኛ ይወጣ ነበር።

በሐምሌ አንድ ሰኞ ከወንዝ ተመልሳ ጀሪካኑን አወረደች። ወገቧን ቀና አድርጋ፣ ድምጿን ሳትጨምር እንዲህ አለች።

«የቤቴል አባት።»

«አቤት ፅጌ።»

«ለመስቀል ውሃው ደጄ ካልቆመ፣ እኔ ልጄን ይዤ እናቴ ደጅ እቆማለሁ።»

ብትጮህበት ኖሮ አይደነግጥም ነበር፤ ጩኸት ያልፋል። ይህችኛዋ ግን ነገሩን ተናግራ ሽንኩርት መክተፍ ጀመረች። ኤርሳዶ ጫማውን ያወለቀው ቤቱ ውስጥ ነው፤ በባዶ እግሩ ሮጦ ኩይሳው ላይ ወጣና ለወረዳው የውሃ ባለሙያ ደወለ።

ባለሙያው አሌክስ የሚባል ቀጭን ወጣት ነው። ቁጥር የሚወድ፣ ሲጋራ የማያጨስ፣ ሞተር ሳይክሉን በስሟ የሚጠራ ሰው። «ጉድጓድ የሚቆፈረው ቢያንስ አምስት መቶ ነዋሪ ላለው መንደር ነው» አለ። «ስታንዳርዱ ነው፣ እኔ አላወጣሁትም። እናንተ ስንት ናችሁ?»

«እንኳን አምስት መቶ!» አለ ኤርሳዶ ከኩይሳው ላይ። «አምስት መቶ የሚሆኑት እኮ እንግዳ ሲመጣ የሚደበቁት ብቻ ናቸው!»

ከታች ወተት ይንጡ የነበሩ ሴቶች እጃቸውን አቁመው ተያዩ።

«ጥሩ። በሦስተኛው ሐሙስ መጥቼ እቆጥራለሁ። ቬሪፋይ ሳላደርግ ማሽን አላንቀሳቅስም።»

ኤርሳዶ ከኩይሳው ሲወርድ ሁለት ችግር ከእርሱ ጋር ወረደ። የመጀመሪያው፣ ዶልቃ አምስት መቶ ሰው የላትም። ስንት እንዳላት ማንም አያውቅም፤ እርሱ ግን የሁሉንም ቤት በር ስለሠራ ቤቶቹ ሠላሳ አንድ መሆናቸውን ያውቃል። በየቤቱ አምስት ሰው ቢባል፣ ጡት የሚጠባውም ቢጨመር፣ መቶ ስልሳ ቢሞላ ነው።

ሁለተኛው ችግር የባሰ ነበር። የዶልቃ ሰው አይቆጠርም።

ይህ ከጥንት የመጣ ነው። የተቆጠረ ይጎድላል፤ ሞት ቁጥር ሲሰማ ጆሮው ይቆማል። አንድን የዶልቃ አባት ስንት ልጅ አለህ ቢሉት «ይበቃሉ» ይላል። ስንት ከብት አለህ ቢሉት «ይጠጣሉ» ይላል። ከዚህ በፊት የመጣ አንድ ቆጣሪ በሠላሳ አንዱም ቅጽ ላይ «ይበቃሉ» ብሎ ጽፎ ሄዷል፤ ከዚያ በኋላ የት እንደደረሰ አልተሰማም።

ኤርሳዶ ተስፋ ያደረገው በወንጌላዊው በፍሥሐ ነበር። መንደሩን ሾላው ሥር ሰብስቦ ነገሩን ካስረዳ በኋላ «ይህ መቼም አጉል እምነት ነው፤ እስቲ ወንድም ፍሥሐ ከቃሉ ያስረዳን» አለ።

ፍሥሐ መጽሐፍ ቅዱሱን ገለጠ። ፊቱ ተለወጠ።

«ወንድም ኤርሳዶ፣ ሁለተኛ ሳሙኤል ሃያ አራት። ዳዊት ሕዝቡን ቆጠረ። ሰባ ሺህ ሰው በቸነፈር ሞተ።»

«እሱ ንጉሥ ነው፤ እኛ...»

«ሰባ ሺህ! እኛ ከየት አምጥተን እናሟላለን?»

ሰዉ አጉረመረመ። ሽማግሌው ጅሩ በርኩማው ላይ እንደተቀመጠ ራሱን ነቀነቀ። ጅሩ የመንደሩ ትልቅ ሰው ነው። ዕድሜው አይቆጠርም፤ ቢቆጠር ሁለት መቶ ይገባ ነበር። «አየህ» አለ በተሰባበረ አማርኛው፣ «መጽሐፍም ያውቃል። የእኛ አባት ያውቃል። አንተ ብቻ አታውቅም።»

ኤርሳዶ ቤቱ በኩል ተመለከተ። ፅጌረዳ ከሴቶቹ ኋላ ቆማ፣ እጇን አጣምራ ታየዋለች።

«አባባ ጅሩ» አለ፣ «ሰው ካልተቆጠረ፣ ከብት ካልተቆጠረ፣ እሺ ምን ይቆጠራል?»

ጅሩ ረጅም ጊዜ አሰበ። ሁለት ዝንብ አፍንጫው ላይ አርፈው፣ ተጣልተው፣ ታርቀው ሄዱ።

«ቅል ይቆጠራል» አለ በመጨረሻ። «ቅል አይሞትም። ይሰበራል እንጂ።»

በዶልቃ እያንዳንዱ ሰው የቡና ገለባ ሸፈሮውን የሚጠጣበት የራሱ ቅል አለው። ሕፃኑ ጡት ሲጥል ይሰጠዋል፤ በጋለ ብረት የራሱ ምልክት ይተኮስበታል፤ በሌላ ሰው ቅል የሚጠጣ የለም። አንድ ሰው፣ አንድ ቅል። ኤርሳዶ ኩይሳው ላይ ዘሎ ወጣ።

አሌክስ ከወዲያ ወረቀት አገላበጠ። «ፕሮክሲ ኢንዲኬተር ይባላል፤ በሰው ምትክ ዕቃ መቁጠር ማለት ነው» አለ። «ይፈቀዳል።»

ኤርሳዶ ያን ዕለት ማታ እራቱን በሁለት እጁ በላ። ሰው ከየት ይመጣል ብሎ የተጨነቀበት ነገር ቅል ሆነለት፤ ቅል ደግሞ ይዋሳል! በሜዳው ዙሪያ አምስት መንደሮች አሉ። በማግስቱ ለጉዞ ሲነሳ ጅሩ በሩ ላይ አስቆመው።

«ቅል ልትለምን ነው?»

«ልዋስ ነው አባባ። ለአንድ ሐሙስ።»

«ቅል ብቻውን አይሄድም። ቅሉ ባደረበት ባለቤቱ ያድራል።»

«አውቃለሁ አባባ፣ አውቃለሁ! አሥራ ስምንት ዓመት ኖሬ ይህ ይጠፋኛል? እኛም አገር ‹ቅል ባገሩ ድንጋይ ይሰብራል› እንላለን» ብሎ ትከሻውን መታ አድርጎት አለፈ። የሰማው ነገር ምሳሌ መስሎት ነበር። ሕግ ነበር።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ሳሩን ሰንጥቆ ዞረ። እንደ እርሱ አነጋገር ሦስት ጎሽ፣ አንድ አንበሳና አንድ የጠፋ ቱሪስት በመንገዱ ላይ አግኝቶ ሁሉንም አቅጣጫ አሳይቷቸዋል። በየመንደሩ እየቆመ «ቅላችሁን ለሐሙስ ወደ ዶልቃ ላኩልኝ» አለ። እምቢ ያለው የለም። እንዲያውም ሰዎቹ ቀና ብለው አዩት፣ ተንሾካሾኩ፣ ከዚያም እጁን በሁለት እጃቸው ያዙት። አንዲት አሮጊት አለቀሰች። ኤርሳዶ ይህን ሁሉ ለንግግር ችሎታው አደረገው።

እሮብ ከሰዓት በኋላ ሳሩ መንቀሳቀስ ጀመረ።

ከምሥራቅ በኩል አንድ ቅል ወጣ፤ ከቅሉ ሥር አንድ ሰውዬ፤ ከሰውዬው ኋላ ሚስቱ፣ የሚስቱ እናት፣ አምስት ልጆች፣ ዘጠኝ ፍየሎች፣ ተፈትቶ የታሰረ የጎጆ ምሰሶ። ከምዕራብም እንዲሁ። ከደቡብ የመጡት ዶሮዎቻቸውን በጎናቸው አንጠልጥለዋል፤ ከሰሜን የመጡት የሞተ አያታቸውን በርኩማ ሳይቀር ይዘዋል። ሜዳው ሰው ወለደ።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ ወንድሜ» አለ ኤርሳዶ የመጀመሪያውን ሰውዬ። «ቅሉን እዚህ አስቀምጠውና ሂድ፤ አርብ መጥተህ ትወስዳለህ።»

ሰውዬው ሳቀ። «ቅሌ እዚህ ነው። እኔ የት ልሂድ?»

ኤርሳዶ ወደ ጅሩ ዞረ። ጅሩ ሰማይ ሰማዩን አየ።

ሐሙስ አሌክስ በሞተር ሳይክሉ ደረሰ። የራስ ቁሩ ውስጥ የገባው የሳር ፍሬ አንድ ማሳ ይዘራ ነበር። ቅሎቹ ከኩይሳው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በረድፍ ተደርድረዋል፤ ከእያንዳንዱ ቅል ኋላ ባለቤቱ ተቀምጧል።

«ሰዎቹን ማየት አይፈቀድም» አለ ጅሩ።

«እንዴ፣ እዚሁ ፊት ለፊቴ ናቸው እኮ አባባ!»

«አንተ ቅል ነው የምታይ።»

የአሌክስን ኮፍያ አፍንጫው ድረስ አወረዱለት። ታብሌቱን ደረቱ ላይ ለጥፎ፣ ጎንበስ ብሎ፣ የሰው እግር ባየ ቁጥር ዓይኑን እየጨፈነ ቆጠረ። ወንጌላዊው ፍሥሐ ከጎኑ እየሄደ «ጌታ ሆይ፣ ቅል ነው፤ ጌታ ሆይ፣ ለመልአኩ ንገርልን፣ ቅል ነው» እያለ ይጸልያል። አንዴ ፍየል ሁለት ረድፍ ስለናደች ከመጀመሪያው ተጀመረ። ሁለተኛውም ቆጠራ ከመጀመሪያው ጋር ገጠመ፤ ስድስት መቶ አሥራ ሦስት።

አሌክስ ቀና አለ። ፀሐይዋ አናቱ ላይ ናት፤ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። «እስቲ ውሃ ስጡኝ» አለ።

ስድስት መቶ አሥራ ሦስት ቅል ሜዳው ላይ አፉን ከፍቶ ተቀምጧል፤ በአንዱም ውስጥ ጠብታ የለም። ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ፅጌረዳ ቤቷ ገብታ ከጀሪካኑ ሥር የቀረውን አንጠፍጥፋ አመጣችለት። አሌክስ ጠጣ፣ የቀረውን አየ፣ ቅሎቹን አየ፣ ከዚያ ታብሌቱ ላይ አንድ ቃል ጨመረ። «አስቸኳይ።»

ሲሄድ ፅጌረዳ ባሏ ጎን መጥታ ቆመች። «ከዚህ ሁሉ ሰው ውስጥ የእኛ ስንቱ ነው?» አለችው በሹክሹክታ።

«ፅጌ!» አለ ኤርሳዶ ተቆጥቶ። «ሰው ይቆጠራል እንዴ?»

አርብ ጠዋት እንግዶቹን ሾላው ሥር ሰብስቦ ምስጋና አቀረበ። ንግግሩ ሁለት ሰዓት ፈጀ። ሲጨርስ «በሉ እንግዲህ፣ በሰላም ግቡ» አለ። የተንቀሳቀሰ የለም። የሰሜኖቹ ሽማግሌ ተነሳ።

«ልጄ፣ ቅላችን ተጽፏል?»

«ተጽፏል አባባ።»

«እዚህ ነው የተቆጠረው?»

«እዚሁ ነው።»

«እንግዲህ የተቆጠረ ቅል ከቦታው ቢነሳ ጎደለ ማለት ነው። የጎደለ ሞተ ማለት ነው። ‹ኑ፣ ከእኛ ጋር ኑሩ› ብለህ ቅላችንን ጠርተህ፣ አሁን ሙቱ ትለናለህ?»

ያቺ አሮጊት እንደገና አለቀሰች። ኤርሳዶ በሕይወቱ ቃል ያጣው ያን ጊዜ ብቻ ነው ይባላል፤ እርሱ ግን ይህንንም ይክዳል።

እንግዶቹ ጎጆ መቀለስ ጀመሩ። በሩን የሚሠራው ማን ነው? ኤርሳዶ ነዋ። በነሐሴ ብቻ ሰባ በር ሠራ፤ እርሱ ሰባት መቶ ይላል።

መስከረም በገባ በአራተኛው ቀን የመቆፈሪያ ማሽኑ ሳሩን እያስተኛ ደረሰ። አንድ ቀን ተኩል ጮኸ። ውሃው ሲወጣ ኩይሳውን አልፎ ስለተወረወረ ምስጦቹ ጣሪያቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ አጠቡ። የእጅ ፓምፑ የተተከለው ከፅጌረዳ በር አሥራ ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ነው፤ ኤርሳዶ በአናጢ ሜትሩ ለክቶ ነው ያስተከለው። ኩይሳው ላይ ወጥቶ ለአማቱ ደወለ። «እማማ! ውሃው ደጇ ቆሟል!» መንደሩ ከታች አጨበጨበ።

ፅጌረዳ ጀሪካኗን አንጠልጥላ ወጣች። ጅሩ በከዘራው መንገዱን ዘጋ።

«እንግዳ ይቅደም» አለ።

ይህም ወግ ነው። በዶልቃ እንግዳ ሳይጠጣ ባለቤት አይጠጣም። እንግዳው ደግሞ አራት መቶ ሃምሳ ነው። ሰልፉ ከፓምፑ ተነስቶ ኩይሳውን ዞሮ፣ ቤተ ክርስቲያኑን አልፎ ሳሩ ውስጥ ገባ። ጭራው ላይ የቆሙት ሰዎች የምን ሰልፍ እንደሆነ አያውቁም ነበር፤ ስኳር መጥቷል ሲባል ሰምተዋል። የመንደሩ ባለቤቶች ከጭራው ኋላ ናቸው፤ ከባለቤቶች ሁሉ ኋላ ደግሞ የሊቀመንበሩ ሚስት፤ ምክንያቱም ጋባዡ እርሱ ነው። ተራዋ እስኪደርስ ስድስት ሰዓት ፈጀ። ወንዙ ግን ደርሶ መልስ አራት ሰዓት ነው።

በሦስተኛው ቀን ፅጌረዳ ጀሪካኗን በጀርባዋ አሰረች። ደጇ ላይ ያለውን ፓምፕ እንደ ጎረቤት ሰላም ብላው ወደ ወንዝ ወረደች። በአራተኛውም ቀን እንዲሁ።

ኤርሳዶ ጅሩ ዘንድ ሄደ። «አባባ፣ እንግዳ እንግዳ መሆኑ የሚያበቃው በስንት ቀን ነው?»

ጅሩ በጣም አዘነለት። «ቀን ቆጥረን አናውቅም» አለ።

የመስቀል ዋዜማ ፅጌረዳ ልብሷንና የቤቴልን ልብስ በነጠላ ቋጠረች። ኤርሳዶ መዶሻውን እንደያዘ በሩ ላይ ቆሞ አያት።

«ፅጌ፣ ፓምፑ እኮ አሥራ ሁለት እርምጃ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ዕድሜ ልኬን ከሠራሁት ሁሉ ትልቁ ሥራዬ ነው።»

«ሰምቻለሁ። ኩይሳው ላይ ሆነህ ተናግረሃል።» ቋጠሮውን አጠበቀችው። «የቤቴል አባት፣ አንተ ውሃ ደጅሽ ይቆማል አልከኝ። ያቆምክልኝ ግን ሰው ነው። ነገ ፀሐይ ስትወጣ እነሳለሁ።»

ያን ሌሊት ኤርሳዶ ሌላ ሰው ሰብስቦ ሊማጸን፣ ሌላ ንግግር ሊያዘጋጅ አሰበ። ሰልፉን ሊሰነጥቅ አሰበ። የሚደውልለት ሌላ ባለሙያ ፈለገ። ሁሉንም ሲያገላብጥ ዓይኑ በሩ ጥግ የተቀመጠው ቢጫ ጀሪካን ላይ አረፈ። አሥራ አንድ ዓመት እዚያው ጥግ ነበር። ዶሮ መጀመሪያ ሲጮህ ጀሪካኑ ቦታው ላይ አልነበረም፤ ኤርሳዶም አልነበረም።

በዶልቃ ወንድ ውሃ አይቀዳም። ሳር የቀጭኔ አንገት ያህል ቢያድግ፣ ኩይሳ ቢናገር፣ ወንድ ውሃ አይቀዳም። ወደ ወንዝ የሚወርዱት ሴቶች ጎሕ ሲቀድ ከፊታቸው አንድ ነገር ሲያነክስ አይተው መጀመሪያ ጅብ መሰላቸው። ሲቀርቡ ሊቀመንበሩ ነው፤ ጀሪካኑን በሴት ማዘያ በጀርባው አስሯል።

«ውይ! ኤርሳዶ፣ ማን አገባህ?» አለች አንዷ።

«ጥሎሽህ ስንት ከብት ሆነ?» አለች ሌላዋ።

«ከብት አይቆጠርም!» ብሎ ጮኸባቸው። ሳቃቸው ሳሩን አስተኛው።

ይህ ሰው ከጂንካ አርባ ቆርቆሮ በራሱ ላይ ተሸክሜ መጣሁ እያለ ሲያወራ የኖረ ነው። ሃያ ሊትር ውሃ ጎበጥ አድርጎ መለሰው። መንገዱ ድንጋይ እንዳለው አያውቅም ነበር። ዳገት እንዳለውም አያውቅም፤ ዶልቃ ዳገት የላትም እያለ ለወረዳው ሪፖርት ያደረገው እርሱ ራሱ ነው። ሁለቴ ወደቀ። ሁለተኛው ላይ ክዳኑ ተፈናጥሮ ሳር ውስጥ ገባ፤ የቀረውን መንገድ የጀሪካኑን አፍ በመዳፉ ደፍኖ ሄደ። ትከሻው ላይ ማዘያው የቆረጠው ቦታ ሲያቃጥለው፣ ፅጌረዳ ማታ ማታ ትከሻዋን ለምን በቅቤ እንደምታሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ገባው።

ፅጌረዳ ያን ቀን ወንዝ ስለማትወርድ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ተነሳች። ቤቴልን ቀሰቀሰች፣ ቋጠሮዋን በራሷ ላይ አደረገች፣ በሯን ከፈተች።

ደጇ ላይ ቢጫው ጀሪካን ቆሟል፤ ጎኑ ይንጠባጠባል። ከአጠገቡ ኤርሳዶ መሬት ላይ ተዘርግቷል፤ ጉልበቱ ደምቷል፣ ሱሪው ጭቃ ሆኗል። ከወዲያ በኩል ሰልፉ ገና ከአሁኑ ኩይሳውን ዞሯል፤ አራት መቶ ሃምሳው እንግዳ ፓምፑን ትቶ እርሱን ይመለከታል።

«ውሃ» አለ ኤርሳዶ ትንፋሹ እየተቆራረጠ፣ «ደጅሽ ቆሟል።»

ፅጌረዳ ጎንበስ ብላ ጀሪካኑን በአንድ እጇ አነሳችው። በጣም ቀለላት።

«ግማሽ ነው» አለች።

«ከወንዙ ስነሳ አርባ ሊትር ነበር!»

«ጀሪካኑ እኮ የሃያ ነው።»

«እንዲያም ሆኖ።»

ፅጌረዳ ሳቋን ልትውጥ ሞከረች፤ አልተዋጠም። ቋጠሮዋን ከራሷ አውርዳ ለቤቴል ሰጠቻት፤ ቤቴልም ወደ ቤት መለሰችው። ከዚያ ውሃውን ይዛ ገባችና ከውስጥ ሆና ተናገረች።

«ነገ ሙሉ ይሁን።»

ዶልቃ እስከ ዛሬ ስድስት መቶ አሥራ ሦስት ቅል አላት፤ ሰልፉም እንዳለ ነው። ኤርሳዶ የወንዙን መንገድ ከሴቶቹ በላይ አውቃለሁ ይላል፤ በአንድ ጉዞ ስልሳ ሊትር አመጣለሁ ብሎ ከማንም ጋር ይወራረዳል። ሴቶቹ አሁን የሚጠሩት «ሙሽራዋ» እያሉ ነው። ባለፈው ጂንካ ቅዳሜ ገበያ አሌክስ አግኝቶት «ጋሼ ኤርሳዶ፣ እውነት ነው የሚባለው? ስንት ጊዜ ወርደሃል?» ቢለው፣ ማዘያውን ትከሻው ላይ አስተካክሎ መለሰለት።

«ይበቃል።»